ፍሊቱን አስቀምጪውና መጀመሪያ ውሃውን ፈልጊ

ጥያቄ

«ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ሞቃት አካባቢ ነው። ቤታችን ትንሽ የሳር ግቢ አለው። ጠዋት ስነሳ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የጉንዳን ሰልፍ ይጠብቀኛል። ፍሊት እነፋለሁ፣ ያልቃሉ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይተው በሌላ በኩል ይመጣሉ። ማታ መብራት ሳበራ ትናንሽ በረሮዎች ከፍሪጁ ጀርባ ይበታተናሉ። ቢምቢው በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ይነክሰናል። ሳሩን ደግሞ በየማታው እያጠጣሁት ቦታ ቦታው ቢጫ ሆኗል፣ ስጎትተው እንደ ምንጣፍ ተገልጦ ይነሳል። አንድ ዘመዴ ለእርሻ የሚሆን ጠንካራ መርዝ ላምጣና ቤቱንም ግቢውንም ነፍተን አንዴ እንገላገል እያለኝ ነው። የሁለት ዓመት ልጅና አንድ ድመት አለን። ምን ትመክሩኛላችሁ? — የታከታት»

መልስ

ሰላም እህቴ። ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር፣ እሱ አያሳድርም። ለዘመድሽ «አመሰግናለሁ፣ ግን አይሆንም» በይው። ልቡ ደግ ነው፣ ምክሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የእርሻ መርዝ የተሠራው ሜዳ ላይ፣ ጓንትና ጭምብል ባደረገ ሰው እጅ እንዲረጭ ነው። ከተረጨ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ሰው እንዳይገባበት የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ውጪ ፀሐይና ዝናብ የሚያዳክሙት መርዝ ቤት ውስጥ ሲገባ ጥጋጥጉን ይዞ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ልጅሽ ደግሞ ወለል ላይ ተቀምጦ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከትበት ዕድሜ ላይ ነው።

ከሁሉም የከፋው ለእህል ማከማቻ የሚውለው እንክብል ነው፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው። የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በስንጥቅና በበር ስር ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል፣ ማርከሻም የለውም። በረሮ ለመግደል ብለው መኖሪያ ቤት ውስጥ አስቀምጠውት ሰው የሞተበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ግቢሽ እንዳይገባ። ቀድሞ የገባ መርዝ ካለም ከነዕቃው፣ ከነጽሑፉ ቆልፊበት። ወደ ውሃ ወይም ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በፍጹም እንዳይገለበጥ። ልጆች በብዛት የሚመረዙት እንዲህ ባለው ጠርሙስ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ጉዳዩ። ነገሩ ወዲህ ነው። አንቺ አራት ጠላት ቆጥረሻል፣ እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነበው የታየኝ አንድ ነገር ነው፦ ውሃ። በሞቃት አየር ነፍሳት ምግብ አይቸግራቸውም። ፍርፋሪም፣ የሳሙና ቅሪትም፣ የካርቶን ሙጫም ይበላሉ። ትንሿ የቤት በረሮ ውሃ ካገኘች ያለ ምግብ ለሳምንታት ትቆያለች፣ ውሃ ካጣች ግን ደረቅ ምግብ ተከምሮላት እንኳ ሁለት ሳምንት ገደማ ብትቆይ ነው። ቢምቢ ያለ ውሃ አትራባም። ሳርሽን የሚበሉት ትሎችም (ትል ናቸው ብዬ ጠርጥሬያለሁ፣ ቆይተን እናየዋለን) እንቁላላቸው የሚፈለፈለው አፈሩ እርጥብ ሲሆን ነው። አንቺ ደግሞ በየማታው ታጠጫለሽ። ውሃው ባለበት ፍሊት መንፋት ውሃ ወቀጣ ነው፣ ቃሉም በጥሩ ቦታው ወደቀ።

ዛሬ ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ የእጅ ባትሪ ያዢና ከዕቃ ማጠቢያው ስር ያለውን ቁምሳጥን ክፈቺ። ቧንቧው የሚታጠፍበትን ቦታና መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ዙሪያውን ጥረጊ። ሶፍቱ ከራሰ ምንጩን አገኘሽው። ጠብታ መሬት ላይ እስኪታይ አትጠብቂ፣ ለበረሮ መጋጠሚያው ላይ ያለው ላብ ይበቃታል። ከዚያ ፍሪጁን ሳብ አድርጊና ከኋላው ታች ያለውን ውሃ የሚጠራቀምበትን ሳህን እዪ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቅም። እርጥብ ፎጣና ስፖንጅ ማጠቢያው ላይ አታሳድሪ። የድመቷንም ውሃ ማታ ማታ ከኩሽና አውጪው። ውሃ ይነፈጋት እያልኩ አይደለም፣ ቦታ ቀይሪለት ነው። ቧንቧው የሚያፈስ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት አሠሪው።

አሁን ጉንዳኖቹ። ጠረጴዛው ላይ የምታያቸው ለምግብ ፍለጋ የተላኩ ሠራተኞች ናቸው፣ ከጠቅላላው ጥቂቶቹ። ንግሥቲቱና ጫጩቶቹ ግድግዳ ውስጥ፣ ከወለል ስር፣ ወይም ውጪ አፈር ውስጥ ናቸው። ፍሊት ስትነፊ የላኩትን ገደልሽ፣ ላኪዋ ግን ምንም አልሆነችም። የባሰው ደግሞ ብዙ ንግሥት ያላቸው አንዳንድ የጉንዳን ዓይነቶች ሲረበሹ ይከፋፈላሉ፤ የተወሰኑት አንድ ንግሥት ይዘው ሄደው ሌላ ቦታ ጎጆ ይመሠርታሉ። «በሌላ በኩል ይመጣሉ» ያልሽው ምናልባት ይሄ ነው። ሌላ መንገድ ፈልገው ሳይሆን በራስሽ ፍሊት ቤታቸውን አባዝተሽላቸው ይሆናል።

ስለዚህ ለእነሱ የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ የሚሠራ ማባበያ ነው። ሁለት ኩባያ ለብ ያለ ውሃ፣ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ (መግደያው ነጭ ዱቄት እሱ ነው)። በደንብ አሟሚው፣ ጥጥ ንከሪበት፣ ጥጡን ክዳን ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቺና ጎኑን ጉንዳን በሚያስገባ ልክ ብሺው። ክዳኑን በፕላስተር አሽጊው። ልጅና ድመት የማይደርሱበት ቦታ፣ ከቁምሳጥን ጀርባ ወይም ከመስኮቱ ውጪ፣ ሰልፉ የሚያልፍበት መስመር አጠገብ አስቀምጪው። ቦሪክ አሲድ ከፍሊት ሲነጻጸር ለሰው የዋህ ነው፣ ልጅ ከዋጠው ግን ይጎዳል፣ ስለዚህ «የተፈጥሮ ነው» በሚል አትዘናጊ።

መጠኑን አታብዢው። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ «ትንሽ ከሠራ ብዙ ይበልጥ ይሠራል» እያለ። ቢበዛ ጉንዳኗ እዚያው ትሞታለች፣ ወደ ጎጆዋ አታደርሰውም። እኛ የምንፈልገው ጠጥታ እንድትሄድ፣ ጎጆ ስትደርስ ከአፍ ወደ አፍ ለእህቶቿ እንድታካፍል፣ እነሱም ለንግሥቲቱ እንዲያጎርሷት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥጡ ዙሪያ ይግተለተላሉ፣ ሆዳቸው እስኪነፋ ይጠጣሉ፣ ሰልፉም ከበፊቱ የወፈረ ይመስላል። እጅሽ ይበላሻል፣ ፍሊቱን አንሺ አንሺ ይልሻል። ተይ! ከነፋሽባቸው ሥራው ሁሉ ከንቱ ቀረ። ጥቂት ቀን፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ሳምንት ጠብቂ፣ ጥጡ ሲደርቅ አድሺው። ሰልፉ ሲቀጥን ያለፉበትን መስመር በሳሙና ውሃ እጠቢው፣ ያስቀመጡት ሽታ ነውና መንገድ የሚያሳያቸው። የገቡበትን ስንጥቅም በሲሊኮን ድፈኚው። ጣፋጩን ንቀው ካለፉ ደግሞ በዚያ ሰሞን የሚፈልጉት ቅባት ነው ማለት ነው፣ ትንሽ የኦቾሎኒ ቅቤ ላይ ያንኑ ቦሪክ አሲድ በጣም በጥቂቱ ለውሰሽ ሞክሪ። ውጪውን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ፦ ግድግዳውን ወይም ጣሪያውን የሚነካ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጪው፣ ድልድያቸው እሱ ነው።

በረሮ። «ትናንሽ» ማለትሽ ጠቅሞኛል። በረሮ ሁሉ አንድ አይደለም። አራት ሴንቲሜትር የሚደርሰው ቀይ ቡኒ ትልቁ በረሮ ብዙውን ጊዜ ኗሪነቱ ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ነው፣ ቤት የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። ለእሱ የፍሳሽ ቀዳዳውን በወንፊት መክደን፣ ብዙ የማትጠቀሚበት መታጠቢያ ካለም አልፎ አልፎ ውሃ ማፍሰስ ነው፣ ከስር የታጠፈው ቱቦ ከደረቀ መንገዱ ክፍት ይሆናልና። የአንቺዎቹ ግን ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ የማይበልጡ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ከጭንቅላታቸው ጀርባ ሁለት ጥቋቁር መስመር ያላቸው ከሆኑ የጀርመን በረሮ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ውጪ አይኖሩም። ቤትሽ ውስጥ ተወልደው ቤትሽ ውስጥ ይሞታሉ። አመጣጣቸውም አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን፣ ባገለገለ የቤት ዕቃ ወይም በዕቃ ከረጢት ነው።

ሴቷ የእንቁላል ከረጢቷን ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ ከኋላዋ ተሸክማ ትዞራለች፣ አንዱ ከረጢት ከ30 እስከ 40 እንቁላል ይይዛል። በሞቃት ቤት የተፈለፈለው ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ራሱ ወላጅ ይሆናል። ሂሳቡን ለራስሽ ልተውልሽ። ፍሊቱ ለምን እንደማይሠራም አሁን ይገባሻል፦ መድኃኒቱ የማይገድላቸው ጥቂቶች ይተርፋሉ፣ ቀጣዩን ትውልድ የሚወልዱት እነሱ ናቸው። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1939 ያወቀው ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ ዲዲቲ የማይበግራቸው የቤት ዝንቦች ቀድመው መታየት ጀምረው ነበር። በረሮዎች ከዚህም አልፈው ሄደዋል። ማባበያ ውስጥ የሚገባውን ግሉኮስ የሚጸየፉ፣ ቀምሰው የሚተዉ በረሮዎች መኖራቸውን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ጽፈዋል። ጣፋጭ የጠላ በረሮ! እውነት ለመናገር ትንሽ አክብሮት አድሮብኛል።

የሚሠራው መርዝ ያለበት የበረሮ ማባበያ ጄል ነው፣ በመርፌ መሰል ቱቦ የሚሸጠው። ግን አቀባቡ ላይ ነው ጨዋታው። የጥርስ ሳሙና እንደሚጨመቅ በረጅሙ አይደለም። በክብሪት ራስ ልክ፣ ብዙ ቦታ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ። የት? የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ብናኝ ያየሽበት ቦታ ሁሉ። እሱ ኩሳቸው ነው። ከፍሪጁ ሞተር አጠገብ፣ የቁምሳጥን ማጠፊያ ውስጥ፣ የምድጃው ጀርባ፣ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ። በረሮ ጀርባዋም ሆዷም በአንድ ጊዜ የሚነካበት ጠባብ ስንጥቅ ትወዳለች፣ አንቺም ጄሉን እዚያ ስንጥቅ አፍ ላይ አድርጊ፣ የልጅ ጣት ከማይገባበት ዘንድ። አንዷ በልታ ተመልሳ ትሞታለች፣ ሬሳዋንና ኩሷን የሚበሉት ጫጩቶችም አብረው ይሞታሉ። ደስ የሚል ነገር አይደለም፣ ግን ስንጥቅ ውስጥ ያሉትን የሚደርስልሽ ይሄ መንገድ ነው።

ጄል ባደረግሽበት ቦታ ፍሊት አትንፊ፣ በረኪናም አታስነኪው፣ ሽታው ያርቃቸዋል። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ምንም ለውጥ ካላየሽ ሌላ መግደያ ንጥረ ነገር ያለው ጄል ቀይሪ። ስሙን ሳይሆን በትንንሹ የተጻፈውን ንጥረ ነገር እዪ፣ ሁለት የተለያየ ማሸጊያ አንድ ዓይነት መድኃኒት ይዞ ሊገኝ ይችላልና። ከመጀመርሽ በፊት ከፍሪጁ ጀርባ በቫኪዩም ክሊነር መምጠጥ ከቻልሽ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል፤ ብናኙና ቆዳቸው ራሱ የልጆችን አስም የሚቀሰቅስ ነገር ነው። የመምጠጫውን ከረጢት ግን ወዲያው አሽገሽ ውጪ ጣይው።

ቢምቢውን በአጭሩ። በጠራራ ፀሐይ የሚነክስ ከሆነ፣ እግሩም ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ከሆነ፣ ኤዴስ የሚባለው ዓይነት ነው። ሩቅ አይበርም፣ የተወለደው አንቺ ግቢ ወይም ጎረቤት ግቢ ነው። ኩሬ አያስፈልገውም፣ የአበባ ማሰሮ ስር ያለ ሳህን፣ የተጣለ ጎማ፣ ቅጠል የዘጋው አሸንዳ፣ ክዳን የሌለው በርሜል፣ የልጅሽ አሻንጉሊት ባልዲ፣ አንዳንዴ የጠርሙስ ክዳን ይበቃዋል። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ በራሪ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ነው፣ ስለዚህ ሳምንት ሳይሞላ ማፍሰስ አለብሽ። ሰው የሚዘነጋው ግን ይሄን ነው፦ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃው ላይ ሳይሆን ከውሃው በላይ ባለው የዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። ዕቃው ደርቆ እንኳ እንቁላሉ ለወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲመለስበት ይፈለፈላል። ማፍሰሱ ብቻ አይበቃም፣ ውስጡን በብሩሽ ፈግፍጊው።

ማፍሰስ የማትችዪው ውሃ ካለ፣ ለምሳሌ ትልቅ ታንከር፣ አፉን በደቃቅ ወንፊት ሸፍኚ፣ ወይም ቢቲአይ የሚባለውን ጨምሪበት። ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በኔጌቭ በረሃ ከአንድ የውሃ ጥርቅም ነው የተገኘው። የቢምቢን እጭ ሆድ ያፈርሳል፣ ሰውንና ድመትን አይነካም። ለመጠጥ ውሃ ግን የሚሆነውንና የማይሆነውን ማሸጊያው ላይ አንብቢ። ቢምቢ እንቅልፍ የሚነሳሽ ማታ ከሆነ ሌላ ዘር ነው፣ አጎበርና የመስኮት ወንፊት የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

አሁን ሳሩ፣ እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሳይቆፍር ነው መርዝ የሚገዛው። ቢጫ የሆነ ሳር አሥር ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ውሃ ጥምንም ይጨምራል፣ ውሃ ብዛትንም ይጨምራል። የአንቺው ግን ተገልጦ ይነሳል። ይሄ ሥሩ ተበልቶ ካለቀ ሳር የሚጠበቅ ነው። ቢላዋ ወይም አካፋ ያዢ። ቢጫው ከአረንጓዴው ጋር የሚዋሰንበት ጠርዝ ላይ ሠላሳ በሠላሳ ሴንቲሜትር ካሬ ቁረጪ፣ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ጠልቀሽ ገልብጪው። አፈሩን በእጅሽ ፍርፍር አድርጊው። ወፍራም፣ ነጭ፣ እንደ ቀለበት ጥምዝ ብለው የተኙ፣ ጭንቅላታቸው ቡኒ የሆነ ትሎች ካገኘሽ የጢንዚዛ እጭ ናቸው። ቁጠሪያቸው። በዚያች ካሬ ውስጥ አምስት ቢሆኑ ጤነኛ ሳር ይችላቸዋል፣ ምንም አታድርጊ። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን መድኃኒት ያስፈልገዋል። መሃል ላይ ያለውን ቢጫ አትቆፍሪ፣ ሥር የሌለበት ቦታ ትል አይቆይም፣ ወደ ጠርዙ ሄዷል።

ምንም ካላገኘሽስ? ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አራት ሊትር ውሃ ውስጥ በጥብጪና አንድ ሜትር ካሬ ላይ አፍስሺው። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ላይ ላይ ያሉ አባጨጓሬዎችና አፈር የሚቆፍሩ ፌንጣ መሳዮች ተንፈራግጠው ይወጣሉ። ልጆች ይሄን ሙከራ በጣም ይወዱታል፣ ልጅሽ ግን ገና ስለሆነ ይመልከት እንጂ አይንካ። ነጩን ትል ግን ሳሙና አያወጣውም፣ ለእሱ መቆፈር ነው። ሁለቱም ባዶ ከሆኑና ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ወይም ሻጋታ ካየሽ ጉዳዩ የነፍሳት አይደለም፣ ፈንገስ ነው። ፈንገስ ደግሞ ሌሊቱን ርሶ ያደረ ሳር ይወዳል።

የማታ ማጠጣቱን ለዚህ ነው ተይ የምልሽ። በየማታው ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ላይ ላይ ያስቀረዋል፣ ቅጠሉን ርጥብ ያሳድራል፣ አፈሩንም እንቁላል የምትጥል ጢንዚዛ እንደምትፈልገው አድርጎ ያለሰልሰዋል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በማለዳ፣ ጠለቅ አድርገሽ። በጠቅላላው በሳምንት ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ውሃ ይበቃዋል፣ የዘነበውንም ቆጥረሽ። ለመለካት ባዶ ጣሳ ሳሩ ላይ አስቀምጪና ውስጡ የተጠራቀመውን እዪ። ስታጭጂም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ አትቁረጪ። ረዘም ያለ ሳር ሥሩም ጠለቅ ይላል፣ ትንሽ ቢበላ እንኳ ይቋቋማል።

ነጩ ትል አሥር አልፎ ከተገኘ ደግሞ ኔማቶድ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ትሎች አሉ፣ ሳሩን ሳይነኩ እጩ ውስጥ ገብተው ይገድሉታል። ሕያው ስለሆኑ ፀሐይ ይፈጃቸዋል። ሲመሽ በእርጥብ አፈር ላይ ነው የሚረጩት፣ በኋላም ትንሽ ውሃ ይፈልጋሉ፣ ለዚያች አንድ ምሽት ብቻ የማታ ማጠጣት ይፈቀድልሻል። ኬሚካል ከመረጥሽ እንደ ጥራጥሬ የተሠራውን መድኃኒት በትነሽ ወዲያው በውሃ አስጥሚው፣ ሳሩ እስኪደርቅም ልጁንና ድመቷን አግጂ። ዝናብ በሚመጣበት ቀን ግን አታድርጊው፣ ታጥቦ ወደ ወንዝ ነው የሚሄደው።

ድመቷ ካነሳሁ አይቀር። ፐርሜትሪን የተባለውን ንጥረ ነገር የያዘ ነገር ድመት ላይ አይነካ። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጡ አንገት ላይ የሚንጠባጠቡ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ይሄን ይዘዋል፣ ለውሻ ምንም አይደለም፣ የድመት ጉበት ግን ሊያጣራው አይችልም፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታልም። «ትንሽ ከሆነ» ብሎ ነገር የለም።

ገንዘብሽን የማታባክኚባቸው ነገሮችም አሉ። ሶኬት ላይ ተሰክቶ በድምፅ ነፍሳት ያባርራል የሚባለው መሣሪያ ሲፈተን የረባ ውጤት አላሳየም። ተከፍቶ ክፍሉን ሙሉ በጭስ የሚሞላው ጣሳ ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፣ ጠረጴዛሽንና የልጅሽን አሻንጉሊት ብቻ ያለብሰዋል፣ እሳት አጠገብ ከሆነም ሊፈነዳ ይችላል። መርዝ ያለበት ቾክ መሬት ላይ ማስመርም ይቅርብሽ፣ ልጅ ቾክ ሲያይ የሚያስበው መጻፍ ነው። በረኪናና አሞኒያ፣ ወይም በረኪናና ኮምጣጤ አንድ ላይ በጥብጦ «ኃይለኛ ማጽጃ» የሚል ምክር ከሰማሽ ደግሞ በአንዱ ጆሮሽ ሰምተሽ በሌላው አፍስሺው፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ምስጥን አልጠቀስሽም፣ ግን ቧንቧ ስትፈትሺ ዓይንሽ ይቅበዝበዝ። ግድግዳ ወይም መሠረት ላይ እርሳስ የሚያህል ስፋት ያለው የጭቃ ቱቦ ካየሽ ወይም ከዝናብ በኋላ ክንፋቸውን መስኮት ስር አራግፈው የሚሄዱ ካሉ ተጠራጠሪ። ክንፍ ያለው ጉንዳን ወገቡ ቀጭን፣ አንቴናው የታጠፈ፣ የፊት ክንፉ ከኋላው የሚበልጥ ነው። የምስጥ ወገብ ሙሉ ነው፣ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው። ቱቦውን አፍርሰሽ ፍሊት አትንፊበት፣ ባለሙያ እንዲያየው ተዪው። ምስጥ የቤት እመቤት ብቻዋን የምትጨርሰው ሥራ አይደለም።

ባለሙያ ስትጠሪ፣ ለምስጡም ይሁን በረሮው በጄል አልጠፋ ብሎ፣ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂው፦ የሚረጨው ንጥረ ነገር ስሙ ምንድን ነው፣ ሕፃንና ድመት ለስንት ሰዓት ከቤት ይውጡ፣ የቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚያስገባው። ቤቱን ሳያይ፣ ማጠቢያው ስር ጎንበስ ሳይል፣ «እኔ ሁሉንም አንዴ ነፍቼ እጨርሳለሁ» የሚልሽ ከሆነ እሱም የዘመድሽን መርዝ ይዞ የመጣ ነውና በሩን አሳዪው።